የኤርፖርት ፍተሻ ሥራ ቆሞ ሻንጣ ማየት ብቻ ነው?

ጥያቄ፦ «የኤርፖርት ደህንነት ፈታሽ ሆኜ ለመቀጠር የጽሑፍ ፈተናውን አልፌያለሁ፤ ሥልጠናው በቅርቡ ይጀመራል። የሚያውቁኝ ሰዎች ‹ቀኑን ሙሉ ቆመህ ሻንጣ ስታይ መዋል ነው፣ ጨረሩም ይጎዳሃል› ይሉኛል። ሥራው በእርግጥ ምን ይመስላል? ሰው የሚወድቀውስ በምን ላይ ነው?»

ምላሽ፦

እንኳን ደስ አለዎት። ከነገሩዎት ውስጥ መቆሙ እውነት ነው፤ ጨረሩ ግን በአብዛኛው አሉባልታ ስለሆነ ወደ ታች እመለስበታለሁ። ሁለቱም ቢሆኑ የሥራውን ዋና ነገር አልነኩትም። በዚህ ሥራ ሰውን የሚፈትነው የሚያገኘው ሳይሆን የማያገኘው ነው። በአንድ ፈረቃ በፊትዎ ከሚያልፉት ሻንጣዎች ከሞላ ጎደል ሁሉም ምንም ችግር የለባቸውም። ከእርስዎ የሚፈለገው ግን ሦስት መቶኛውን ሻንጣ ልክ እንደ መጀመሪያው አድርጎ አይቶ «ይለፍ» ማለት ነው። ሽጉጥ በስክሪኑ ላይ ቁልጭ ብሎ ሲታይ ማስቆም ማንንም አይቸግርም። ከባዱ ውሳኔ «ምንም የለበትም» የሚለው ነው፤ ምክንያቱም ከዚያ በኋላ አብዛኛውን ጊዜ ያንን ሻንጣ የሚያይ ሌላ ዓይን የለም።

በፍተሻ መስመር ላይ ሥራው በቦታ የተከፋፈለ ነው፦ መግቢያው ላይ መንገደኛውን የሚያዘጋጅ፣ የብረት መፈተሻ በሩን ወይም የሰውነት ስካነሩን የሚይዝ፣ አካል የሚፈትሽ፣ ኤክስሬይ ላይ የሚቀመጥ፣ ሻንጣ ከፍቶ የሚፈትሽ። ሁሉንም ይማራሉ፤ በፈረቃው ውስጥም እየዞሩ ይሠሩባቸዋል። መዞሩ ድካም ለመቀነስ ብቻ አይደለም። ማን በየትኛው ሰዓት የትኛው ማሽን ላይ እንደሚቀመጥ አስቀድሞ አለመታወቁ ራሱ አንድ የጥበቃ ዘዴ ነው።

አዲስ ሰው ብዙ ጊዜ መጀመሪያ የሚቆመው መግቢያው ላይ ነው፤ ብዙዎችም «ትሪ ማቀበል» እያሉ ይንቁታል። ንቀቱ ሥራውን ካለማወቅ የመጣ ነው። የመስመሩን ፍጥነት የሚወስነው እዚያ የቆመው ሰው ነው። ሁለት ላፕቶፖች ተደራርበው ከገቡ አንዱ ሌላውን ይጋርዳል፣ ምስሉ ይጠቁራል፣ ኤክስሬዩ ላይ ያለው ሰው ያስቆመዋል፣ ሻንጣው ወደ እጅ ፍተሻ ይሄዳል፣ ከዚያም ተለያይቶ እንደገና በማሽኑ ያልፋል። መግቢያው ላይ ጥቂት ሰከንድ ያተረፈ ፈታሽ ለባልደረቦቹ የብዙ ደቂቃ ሥራ ይልካል። ስለዚህ ሻንጣ በሰፊው ጎኑ ተጋድሞ ይገባል፤ በአንዱና በሌላው መካከልም ክፍተት ይኖራል። ጃኬት ሻንጣ ላይ አይደረብም።

መንገደኛን ሲጠይቁም ጥያቄው ጥቅል መሆን የለበትም። «ኪስዎ ውስጥ የቀረ ነገር አለ?» ሲሉት «የለም» ይላል፤ ውሸቱን አይደለም፣ ኪሱን ረስቶት ነው። «ስልክ? ቁልፍ? ሳንቲም? ቀበቶ?» ብለው አንድ በአንድ ሲጠሩለት ግን እጁ ራሱ ወደ ኪሱ ይሄዳል።

የብረት መፈተሻ በሩ የሚያውቀው ብረትን ብቻ ነው። በብዙ ማሽኖች ላይ በጎንና በጎኑ ያሉት መብራቶች ብረቱ በየትኛው ከፍታ ላይ እንዳለ ስለሚጠቁሙ ፍለጋውን ከዚያ ይጀምራሉ፤ ግን እዚያ ብቻ አያቆሙም። መንገደኛው ጎኑን ሳይነካ፣ አንድ በአንድ፣ ሳይሮጥ ማለፍ አለበት። ማሽኑ ምንም ብረት ሳይኖር የተወሰኑ ሰዎችን በዕጣ እንዲመርጥም ይስተካከላል። «ለምን እኔን?» የሚል ቁጣ የሚመጣው በአብዛኛው ከዚህ ነው። «ማሽኑ በዕጣ ነው የሚመርጠው፣ እኔ አልመረጥኩዎትም» የሚለው መልስ እውነትም ነው፣ ሰውንም ያረጋጋል። አዲሶቹ የሰውነት ስካነሮች ደግሞ የመንገደኛውን ምስል አያሳዩም፤ ለሁሉም አንድ በሆነ የሰው ቅርጽ ላይ ምልክት ያደርጋሉ። የታጠፈ ልብስ፣ ወፍራም የልብስ ቁልፍ፣ አንዳንዴም ላብ የሐሰት ምልክት ያመጣል። ምልክት ማለት «ይህን ቦታ እይ» ማለት ነው እንጂ «ጥፋተኛ ነው» ማለት አይደለም።

የአካል ፍተሻ አዲስ ሰው በጣም የሚሸማቀቅበት ክፍል ነው፤ ከሚሸማቀቅ ፈታሽ የባሰ ፈታሽ ግን የለም፣ እጁ ልብሱን ሳይነካ ያልፋልና። የሚፈትሹት ሰው ከእርስዎ ጋር ተመሳሳይ ፆታ ያለው ይሆናል፤ ከመንካትዎ በፊት የሚያደርጉትን ይናገራሉ፣ ፈቃዱን ይጠብቃሉ፤ ታማሚ ቦታ ወይም የተተከለ የሕክምና መሣሪያ እንዳለውም ይጠይቃሉ። ከዚያ ከላይ ወደ ታች፦ አንገትጌ፣ ትከሻ፣ ክንድ፣ ብብት፣ ጀርባ፣ የሱሪው ወገብ ዙሪያ፣ እግር፣ ቁርጭምጭሚት። ቅደም ተከተሉ ሁልጊዜ አንድ ዓይነት መሆን አለበት። ምክንያቱ ቀላል ነው፦ መሐል ላይ ተቆጣጣሪ ሲጠራዎት ወይም መንገደኛው ጥያቄ ሲያነሳ የት እንደደረሱ ይጠፋዎታል። የጠፋበት ሰው ደግሞ «እዚያ ጋ አይቻለሁ» ብሎ ያልፋል። ከተቋረጡ እንደገና ከላይ ይጀምሩ። ግፊቱ የልብሱን ስፌት ለመለየት የሚበቃ ይሁን፤ መዳበስም ማሸትም አይደለም። መንገደኛው ለብቻ ክፍል መፈተሽ ከጠየቀ ይፈቀድለታል፤ እዚያ ግን ብቻዎን አይገቡም፣ ሁልጊዜ ምስክር የሚሆን ባልደረባ ይኖራል። ይህ መንገደኛውንም እርስዎንም የሚጠብቅ ነው። የልብ ምት ማስተካከያ የተተከለለት ሰው ላይ በእጅ የሚያዘውን የብረት መፈተሻ ደረቱ ላይ አያቆዩም፤ በእጅ ይፈትሻሉ። የኢንሱሊን ፓምፕ ያደረገ ሰው «ይህን በኤክስሬይ አላሳልፍም» ቢል እየተከራከረ አይደለም፤ አምራቾቹ ራሳቸው ብዙ ጊዜ የሚመክሩት ነው።

የፈንጂ ቅሪት መመርመሪያው በእጅ ወይም በሻንጣ ላይ በሚጠረግ ትንሽ ጨርቅ ይሠራል፤ በሰከንዶች ውስጥ መልስ ይሰጣል። እጅግ ስሱ ስለሆነ ችግሩም ከዚያው ይመጣል። ግሊሰሪን ያለበት የእጅ ቅባት፣ ማዳበሪያ የነካ ጫማ፣ ናይትሮግሊሰሪን ያለበት የልብ መድኃኒት ሊያስጮኸው ይችላል። ጓንት መቀየር የሚታዘዘው ለንጽሕና ብቻ አይደለም፤ ከአንዱ መንገደኛ ላይ ያነሱት ቅሪት ወደሚቀጥለው ሻንጣ ከተሻገረ ንጹሑ ሰው ይጉላላል፣ ማሽኑም እስኪጸዳ ይቆማል።

አሁን ወደ ኤክስሬዩ እንምጣ፤ የሥልጠናዎ ትልቁ ክፍል እሱ ነው። ስክሪኑ ላይ የሚያዩት ቀለም የዕቃው ቀለም አይደለም። ማሽኑ ጨረሩን በሁለት የኃይል ደረጃ እያነበበ ነገሩ ከምን ዓይነት አቶም እንደተሠራ ይገምታል። ብርቱካናማ ማለት ከቀላል ንጥረ ነገሮች የተሠራ ነው፦ ምግብ፣ ወረቀት፣ ልብስ፣ ፕላስቲክ፣ ቆዳ። አብዛኞቹ ፈንጂዎችም እዚሁ ይወድቃሉ። ሰማያዊ እንደ ብረትና መዳብ ያለ ከባድ ነገር ነው። አረንጓዴ በሁለቱ መካከል ያለ፣ ለምሳሌ አሉሚኒየምና መስታወት፣ ወይም ብርቱካናማና ሰማያዊ የተደራረቡበት ነው። ጥቁር ማለት ጨረሩ አላለፈም፣ ማሽኑ አያውቅም ማለት ነው። ማሽኑ የማያውቀውን ደግሞ እርስዎ «ይለፍ» ሊሉ አይችሉም። አይብ፣ ቸኮሌትና ወፍራም መጽሐፍ ሻንጣን በተደጋጋሚ የሚያስከፍቱት ለዚህ ነው፤ ጥቅጥቅ ያለ ብርቱካናማ ክምር ሆነው ይታያሉ። መንገደኛው «ቸኮሌት እኮ ነው!» ብሎ ይስቃል። ትክክል ነው፤ ግን ቸኮሌት መሆኑን ማወቅ የሚቻለው ተከፍቶ ሲታይ ነው።

ምስል ሲያነቡ ዓይንዎ እንደፈለገ እንዲቅበዘበዝ አይፍቀዱለት። የራስዎ ሥርዓት ይኑርዎት፦ መጀመሪያ የጠቆረው ቦታ፣ ቀጥሎ ኤሌክትሮኒክስና ሽቦ፣ ቀጥሎ የብርቱካናማው ክምር፣ በመጨረሻ የሻንጣው ራሱ ክፈፍ፣ እጀታና ጎማ። በቁልፍ ሰሌዳው ላይ ማጉያ አለ፣ ብርቱካናማውን ብቻ ወይም ብረቱን ብቻ የሚያስቀር አለ፣ ጥቁርና ነጭ የሚያደርግ አለ። አዲስ ሰው ሁሉንም በእያንዳንዱ ሻንጣ ላይ እየተጫነ ጊዜ ያባክናል፤ የለመደ ሰው ደግሞ ጭራሹን ይተዋቸዋል። ሁለቱም ልክ አይደሉም። ቁልፉ የሚነካው አንድ የተወሰነ ጥያቄ ሲኖርዎት ነው፦ «ከዚህ ላፕቶፕ ባትሪ ሥር ያለው ምንድን ነው?»

እዚህ ላይ ብዙ ሰውን የሚጥለውን አንድ ስህተት ልጥቀስ። ሻንጣው ውስጥ ግማሽ ሊትር ውኃ ያያሉ። አገኘሁ ብለው ደስ ይልዎታል፣ ሻንጣውን ወደ ፍተሻ ይልካሉ፣ «ውኃ» ብለው ለፈታሹ ይነግሩታል። ፈታሹ ውኃውን ያወጣል፣ ሻንጣውን ይዘጋል፣ ይሰጣል። ከውኃው አጠገብ የነበረው ሌላ ነገር አብሮ አለፈ። አእምሮ አንድ ነገር ሲያገኝ ፍለጋው ያለቀ ይመስለዋል። ስለዚህ አንድ ነገር ካገኙ በኋላ ምስሉን እስከ መጨረሻው ይጨርሱት። የሻንጣ ፈታሹም የተነገረውን ዕቃ ካወጣ በኋላ ሻንጣውን ያለዚያ ዕቃ እንደገና በማሽን ያሳልፈዋል። ይህን ደረጃ በወረፋ ምክንያት የሚዘል መስመር አደገኛ መስመር ነው።

ትኩረት ደግሞ ያልቃል። የአውሮፓ ኅብረት ደንብ አንድ ሰው የኤክስሬይ ምስል ያለማቋረጥ ከ20 ደቂቃ በላይ በመደበኛነት እንዳያይ፣ ከዚያም ቢያንስ ለ10 ደቂቃ ምስል እንዳያይ ያዛል። ሌሎች አገሮችም ተመሳሳይ ልማድ አላቸው። ተተኪው ሲዘገይ «ግድ የለም፣ ልቀጥል» ማለት ደግነት ይመስላል፤ አይደለም። ሰዓቱ ሲደርስ ይጥሩ።

ከድካሙ የባሰው ግን ብርቅነቱ ነው። እ.ኤ.አ. በ2005 ኔቸር በተባለው የሳይንስ መጽሔት ላይ የወጣ ጥናት ሰዎችን በምስል ውስጥ ዕቃ አስፈልጎ ነበር። የሚፈለገው ዕቃ በግማሾቹ ምስሎች ውስጥ ሲኖር የሳቱት 7 በመቶ ገደማውን ነው። በ1 በመቶዎቹ ውስጥ ብቻ ሲኖር ግን 30 በመቶ ገደማውን ሳቱት። ሰዎቹ ሰነፉ ማለት አይደለም፤ አእምሮ «አይኖርም» ብሎ ፍለጋውን ያሳጥራል። በፍተሻ መስመር ላይ ያለው ብርቅነት ደግሞ ከ1 በመቶም እጅግ ያነሰ ነው። ለዚህ መድኃኒት ተብሎ የተሠራው የሐሰት ምስል ማስገቢያ ፕሮግራም ነው። ማሽኑ በእውነተኛ መንገደኛ ሻንጣ ምስል ላይ የሽጉጥ፣ የስለት ወይም የፈንጂ ምስል በዘፈቀደ ይጨምራል፤ እርስዎ ቁልፍ ሲጫኑ «ትክክል፣ ይህ የሙከራ ምስል ነበር» ይልዎታል። ካልተጫኑ የሳቱትን ያሳይዎታል፣ ውጤቱም በስምዎ ይመዘገባል። አንዳንዶች ይህን እንደ ወጥመድ ያዩታል። ወጥመድ ቢሆን ኖሮ መልሱን አይነግርዎትም ነበር። ጥቅሙ ዓይንዎ «ሊኖር ይችላል» የሚለውን እንዳይረሳ ማድረጉ ነው። አንድ ጥንቃቄ ብቻ፦ የሙከራ ምስል ይመስለኛል ብለው በግምት የሚያልፉት ነገር አይኑር። ማሽኑ እስኪነግርዎት ድረስ ሁሉም እውነተኛ ነው።

ከዚህ ሌላ እንደ ተራ መንገደኛ ለብሰው የሚመጡ የድብቅ ፈታኞች አሉ። እ.ኤ.አ. በ2015 በአሜሪካ ኤርፖርቶች በተደረገ እንዲህ ያለ ሙከራ ከ70 ውስጥ 67ቱ ሳይያዙ እንዳለፉ ወሬው ወጥቶ የአገሪቱ የትራንስፖርት ደህንነት መሥሪያ ቤት ተጠባባቂ ኃላፊ ከቦታቸው ተነሥተዋል። ስለዚህ በዚህ ሙያ መሳት አልፎ አልፎ በሰነፎች ላይ ብቻ የሚደርስ ነገር አይደለም፤ ሥርዓቱ በሙሉ የተሠራው ሰው ይስታል በሚል ግምት ነው።

ስክሪኑ ላይ በእውነት የሚያስደነግጥ ነገር ቢያዩ የሚያደርጉት ነገር በሥልጠና ላይ በዝርዝር ይሰጥዎታል፤ ዝርዝሩ የየኤርፖርቱ ምስጢር ስለሆነ እዚህ አይነገርም። መሠረቱ ግን አንድ ነው። ሻንጣውን የሚያስኬደውን ቤልት ያቆማሉ፤ ሻንጣው በማሽኑ ዋሻ ውስጥ እንዳለ ይቆያል፣ አይነካም፣ ለመንገደኛውም አይሰጥም። ለተቆጣጣሪው በተስማማችሁበት መንገድ ያሳውቃሉ። ከወንበርዎ አይነሱም፣ አይጮኹም።

ሻንጣ ከፍቶ መፈተሽ ሌላ ሙያ ነው። መንገደኛው እያየ ግን ሳይነካ ይከናወናል። መጀመሪያ ሦስት ጥያቄ፦ ሻንጣው የእርስዎ ነው? ራስዎ ነዎት ያዘጋጁት? ስለት፣ መርፌ ወይም ተሰባሪ ነገር አለበት? ሦስተኛው ጥያቄ ለራስዎ እጅ ነው። ወደማያዩት ኪስ እጅ በደፈናው አይገባም፤ ኪሱ ይከፈታል፣ ይታያል፣ ከዚያ ይዳሰሳል። ክዳን የሌለው መርፌና ተሰብሮ የቀረ ምላጭ ፈታሽን የሚጎዱት እንዲህ ነው። ዕቃዎቹን አንድ በአንድ ያውጡ፣ ባዶውን ሻንጣ ከውስጥና ከውጭ ይዳስሱ፣ ከዚያ እንደነበረ አድርገው ይመልሱ። ገንዘብና ጌጥ ካገኙ ከመንገደኛው ዓይን አያርቁት። የተረሳ ቦርሳ ወይም ስልክ ከትሪ ላይ ካገኙ ወዲያው ለተቆጣጣሪ ይነገራል፤ ገንዘብ ካለበት ሁለት ሰዎች ሆነው በካሜራ ፊት ይቆጥሩታል። «በኋላ እሰጠዋለሁ» ብሎ ኪስ ውስጥ ማስገባት፣ ለአንድ ደቂቃም ቢሆን፣ ሥራ የሚያሳጣ ነው።

በእጅዎ ላይ ካልኩሌተር የሚያስይዝዎት ነገር የሊቲየም ባትሪ ነው። ፓወር ባንክ በጭነት ሻንጣ አይገባም፣ ከመንገደኛው ጋር ወደ ካቢን ብቻ፤ እሳት ቢነሳ ሊጠፋ የሚችለው ሰው ባለበት ስለሆነ። እስከ 100 ዋት-ሰዓት ያለ ፈቃድ ያልፋል፣ ከ100 በላይ እስከ 160 ድረስ የአየር መንገዱ ፈቃድ ይፈልጋል፣ ከ160 በላይ መንገደኛ ይዞት አይሄድም። ፓወር ባንኮች ግን ብዙ ጊዜ የሚጽፉት ሚሊአምፔር-ሰዓት ነው። ያንን በባትሪው በራሱ ቮልት (ብዙ ጊዜ 3.7) አባዝተው ለ1000 ያካፍሉ፦ 20,000 ሲባዛ በ3.7 ሲካፈል ለ1000፣ 74 ዋት-ሰዓት፤ ያልፋል። 30,000 ደግሞ 111 ይሆናል፤ ፈቃድ ያስፈልገዋል። ከ3.7 ይልቅ የመውጫውን 5 ቮልት ይዞ ማባዛት የተለመደ ስህተት ነው፤ 20,000ው ያለጥፋቱ ልክ 100 ሆኖ ይመጣል፣ ከዚያም ክርክር። ጽሑፉ የተፋቀ ወይም ያበጠ ባትሪ ሲመጣ ስሌት አይሠሩም፣ ለተቆጣጣሪ ያሳያሉ።

የፈሳሹ ሕግ የመያዣው መጠን ነው፣ በውስጡ የቀረው አይደለም። 200 ሚሊሊትር የሚይዝ ጠርሙስ ውስጥ ጥቂት ጠብታ ቢቀርም 100 ሚሊሊትር ብቻ በሚፈቀድበት ኤርፖርት አያልፍም። የሕፃን ወተትና መድኃኒት ለብቻቸው ይታያሉ። ሻንጣን ከሁሉም አቅጣጫ አይተው ሦስት ገጽታ ያለው ምስል የሚሰጡ አዲሶቹ ስካነሮች ባሉባቸው አንዳንድ ኤርፖርቶች ግን እስከ 2 ሊትር ይፈቀዳል፣ ላፕቶፕም ከቦርሳ አይወጣም። መንገደኛው «ባለፈው ኤርፖርት ፈቅደውልኛል» ሲልዎት እውነቱን ሊሆን ይችላል። «ውሸት ነው» አይበሉት፤ «እዚያ ያለው ማሽን ሌላ ነው፣ እዚህ ያለው ይህ ነው» ይበቃል።

የሕጎቹን ምክንያት ማወቅ በዚህ ሥራ ላይ እጅግ ይጠቅማል፣ ምክንያቱን የሚያውቅ ፈታሽ አይቆጣምና። የዓለም አቀፉ ሲቪል አቪዬሽን ድርጅት የደህንነት ደንቡን፣ አባሪ 17ን፣ ያጸደቀው እ.ኤ.አ. በ1974 አውሮፕላን ጠለፋ በበዛበት ዘመን ነው። ባለቤቱ ያልተሳፈረ ሻንጣ መውረድ አለበት የሚለው ጥብቅ አሠራር የመጣው በ1985 የኤር ኢንዲያ በረራ 182 እና በ1988 የፓን አም በረራ 103 በሻንጣ በገባ ፈንጂ ከወደቁ በኋላ ነው። ጫማ ማስወለቅ በታኅሣሥ 2001 ጫማው ውስጥ ፈንጂ ይዞ ከተሳፈረ ሰው የመጣ ነው፤ አሜሪካ በ2025 አጠቃላይ ግዴታነቱን አንሥታዋለች። የ100 ሚሊሊትሩ ገደብ በነሐሴ 2006 በፈሳሽ ፈንጂ አውሮፕላኖችን የማፈንዳት ሴራ በብሪታንያ ከከሸፈ በኋላ የመጣ ነው። እነዚህን ለእያንዳንዱ መንገደኛ አይተርኩም፤ ግን ሲያውቋቸው ድምፅዎ ይለወጣል። አንድ ነገር ብቻ ያስታውሱ፦ የሚከራከርዎት ሰው አብዛኛውን ጊዜ በእርስዎ ላይ አይደለም የተናደደው፤ በረራው ሊያመልጠው ነው። የበረራ ሰዓቱን ጠይቀው ለተቆጣጣሪ ማሳወቅ ክርክሩን ከማሸነፍ ይሻላል። እየቀለደ «ቦምብ አለኝ» የሚልን ግን እንደ ቀልድ መውሰድ አይፈቀድልዎትም፤ ያኔ ጉዳዩ ከእጅዎ ይወጣል።

ወደ ጨረሩ። የብረት መፈተሻ በሩ መግነጢሳዊ መስክ እንጂ ኤክስሬይ የለውም። ሚሊሜትር ሞገድ የሚጠቀመው የሰውነት ስካነርም ኤክስሬይ አይደለም። ኤክስሬይ ያለው የሻንጣው ማሽን ሲሆን በብረትና በሊድ የተሸፈነ ሣጥን ነው። በአሜሪካ ደንብ ከማሽኑ ውጫዊ ገጽ 5 ሴንቲሜትር ርቀት ላይ በሰዓት ከ0.5 ሚሊሮንትገን (የጨረር መለኪያ ነው) በላይ ማፍሰስ አይፈቀድለትም፤ በደህና ማሽን ላይ ኦፕሬተሩ የተቀመጠበት ቦታ የሚደርሰው ከዚህም ያነሰ ነው። ከፍታ ላይ የሚበር አውሮፕላን ሠራተኛ ከጠፈር የሚያገኘው ጨረር በአጠቃላይ ኦፕሬተሩ ከሚደርሰው ይበልጣል። እውነተኛው አደጋ ሌላ ነው፦ የተያዘ ሻንጣ ለማውጣት እጅን በመጋረጃው ውስጥ ማስገባት፣ የተቀደደ የሊድ መጋረጃ እያዩ ዝም ማለት፣ ሽፋኑ የተከፈተ ማሽን ላይ መሥራት። ሻንጣ ሲይዝ መጀመሪያ የአደጋ ጊዜ ማቆሚያውን ይጫናሉ፤ እጅ ከዚያ በኋላ ነው። የመጋረጃ መቀደድን በመዝገብ ላይ ያስፍሩ፣ በቃል ብቻ አይበቃም።

መዝገብ ካልን፦ ፈረቃው የሚጀምረው በመንገደኛ ሳይሆን በመሣሪያ ሙከራ ነው። በኤክስሬዩ ውስጥ የሙከራ ሣጥን ይገባል፤ በውስጡ እያደር የሚቀጥኑ ሽቦዎችና ውፍረታቸው ደረጃ በደረጃ የሚጨምር ብረቶች አሉ። የሚፈለገው ሽቦ ካልታየ፣ ወይም ከተወሰነው ውፍረት ኋላ ያለው ካልታየ ማሽኑ አይከፈትም። በሩም በሙከራ ብረት በተለያየ ከፍታ ይሞከራል። ሳያዩ መፈረም በየቦታው የሚገኝ ብልግና ነው፤ አንድ ቀን ማሽኑ ታሞ ሲገኝ መዝገቡ ላይ ያለው ፊርማ የእርስዎ ይሆናል።

ስለ ራስዎም ይፈተሻሉ። የኋላ ታሪክ ማጣሪያ አለ፣ በየጊዜውም ይታደሳል። ባጅዎን ለሌላ ማዋስ፣ በር ይዘው ባጅ የሌለውን ማሳለፍ፣ የሚያውቁትን ሰው «የእኛ ነው» ብሎ ያለ ፍተሻ መልቀቅ፣ የፍተሻ መስመሩን ፎቶ አንሥቶ ማኅበራዊ ሚዲያ ላይ መለጠፍ፦ ከእነዚህ አንዱ ይበቃል። አብራሪም ይፈተሻል፣ አለቃም ይፈተሻል፣ እርስዎም ወደ ሥራ ሲገቡ በዚያው በር ያልፋሉ።

ሥልጠናው እንደየአገሩ ይለያያል። ለምሳሌ አሜሪካ እ.ኤ.አ. በ2001 ያወጣችው ሕግ ቢያንስ 40 ሰዓት የክፍል ትምህርትና 60 ሰዓት በሥራ ላይ ልምምድ ይጠይቃል፤ በአውሮፓ ኅብረት የኤክስሬይ ኦፕሬተር ቢያንስ በየ3 ዓመቱ እንደገና ይፈተናል። ሰው በብዛት የሚወድቀው በምስል ንባብ ፈተና ነው፤ አብዛኛውም ዕቃውን ስላላወቀ ሳይሆን ዕቃው ተዟዙሮ ወይም ተደራርቦ ሲመጣ ስላላወቀው። የፀጉር ማድረቂያ ከላይ፣ ከጎን፣ ከአፉ በኩል ምን እንደሚመስል ካላወቁ ያልተለመደውን ከተለመደው አይለዩም። በልምምድ ፕሮግራሙ ላይ የሚያጠፉት ጊዜ በሙሉ የሚያስተምርዎት በዋነኛነት ተራ ዕቃን ነው፤ ስለዚህ አደገኛውን ብቻ ለማስታወስ አይሞክሩ። ሁለተኛው የመውደቂያ ምክንያት ሰዓት ነው። የማለዳ በረራ ወረፋ የሚጀምረው ገና ሳይነጋ ስለሆነ ፈረቃው ሌሊት ያስነሳል፣ በበዓልና በእረፍት ቀንም ይሠራል። እንቅልፍ ያጣ ሰው ደግሞ ያያል እንጂ አያነብም።

እስከ ሥልጠናው ድረስ ሁለት ነገር ያድርጉ። የቀለም ዕይታዎንና የመስማት ችሎታዎን ይመርመሩ፤ ብርቱካናማና አረንጓዴን መለየት የማይችል ሰው ኤክስሬይ ላይ አይቀመጥም፣ ይህንንም ከገቡ በኋላ ከማወቅ አሁን ማወቅ ይሻላል። ከዚያ ሙሉ ቀን የሚያቆም፣ ሶሉ ወፍራም፣ የብረት ቁራጭ የሌለበት ጫማ ይግዙ፤ ብረት ያለበት ከሆነ በፈረቃው መግቢያ ላይ በየቀኑ በሩን የሚያስጮኹት እርስዎ ይሆናሉ።